ጎራዴው የሚመዘዘው መጨረሻ ላይ ነበር፦ በፊልም የምናየው የሰይፍ ውጊያና እውነተኛው

የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ትናንት ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ታሪካዊ ድራማ ስናይ አመሸን። ባለታሪኩ ብቻውን አሥራ ሁለት ሰው ሲጥል ቆጥሬአለሁ። ሰይፉን አንድ ጊዜ ሲያዞር ሁለት ሰው ይወድቃል፤ የወደቀው አይጮኽም፣ አይንፈራገጥም፣ ደሙም አይታይም። ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዞር ብሎ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን ጎራዴ አየና «የእኛም አያት እንደዚህ ነበር የሚዋጉት?» ሲል ጠየቀኝ።

ጎራዴው የቅድመ አያቴ ነው። ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ሰገሌ ዘምተው በሕይወት የተመለሱ ሰው ነበሩ። እጀታው ቀንድ ነው፤ የአፎቱ ቀይ ቆዳ ጫፉ ላይ ተቀድዷል። አያቴ ስለ አባታቸው ሲያጫውቱን ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ነገር ነበር። ሰው ስለ ሰገሌ ሲጠይቃቸው ስለ ጎራዴው ምንም አይናገሩም ነበር አሉ። የሚያወሩት ስለ ጋሻቸው፣ ስለ ውሃ ጥሙና አጠገባቸው ስለወደቀው ጎረቤታቸው ነበር። «ጎራዴ የሚመዘዘው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው» ይሉ ነበር።

እኔም ለልጁ «እንደዚህ አልነበረም» ብዬ መለስኩለት። «ታዲያ እንዴት ነበር?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ጎራዴ ሥር ተቀምጬ ምሳ በልቻለሁ፤ እንዴት ይዋጉበት እንደነበር ግን አላውቅም። የምታውቁ ንገሩኝ። ለልጁ እውነቱን መንገር እፈልጋለሁ።


የታሪክ መምህር (ሐይቅ)

ወንድሜ፣ የቅድመ አያትህ ቃል ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ከእርሱ እንነሣ።

ፊልም ጦርነትን በሰይፍ ይጀምራል። እውነተኛው የጦር ሜዳ በእኛም አገር ሆነ በሌላው ዓለም የሚጀመረው ከሩቅ ነው። እግረኛው ጦርና ጋሻ ይዞ ይወጣል፣ ፈረሰኛው እየጋለበ ጦር ይወረውራል፤ ጠመንጃ ከመጣ በኋላ ደግሞ ጠመንጃው ይቀድማል። ጎራዴ የሚወጣው ጦሩ ተወርውሮ ሲያልቅ፣ ጥይቱ ሲነጥፍ ወይም ሰው ከሰው ሲደባለቅ ነው። በሰይፋቸው የምናውቃቸው የጃፓን ሳሙራዮች እንኳን ለብዙ ዘመን ዋና መሣሪያቸው ቀስትና ጦር ነበር። ያያችሁት ድራማ የሚያወሳቸው የቱርክ ፈረሰኞችም ዓለምን ያስፈሩት ከኮርቻ ላይ በሚለቁት ቀስት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ወሎ የሆነውን እንይ። በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ከፊታቸው የቆመው የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዟል። ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዞቹ የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። ገብርዬም እዚያው ወደቁ። እነዚያ ሰዎች ጎራዴ ነበራቸው፣ ልብም ነበራቸው። አብዛኞቹ ግን ጎራዴ የሚደርስበት ርቀት ላይ አልደረሱም። ይህን ክፍል ሳስተምር ሁልጊዜ ድምፄ ይቀየራል።

ታዲያ ጎራዴ መቼ ነው የሚሠራው? አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ወገን ልብ ተሰብሮ ጀርባውን ሲሰጥ ነው። በዐድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ ያጠፉት ጦሩ ሲያፈገፍግ ደርሰውበት ነው። አባቶቻችን «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ያሉት ይህን ስላዩ ነው። ሽሽት ከተጀመረ በኋላ ሰይፍ የሚያገኘው የተዘረጋ ጀርባ ነው። ፊልም ይህን አያሳይም፤ ለማየት የሚያምር አይደለምና።

ሰገሌ ራሱ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ጠመንጃና መትረየስ የዋለበት ቀን ነው። ቅድመ አያትህ ስለ ጎራዴያቸው ዝም ማለታቸው አይገርመኝም።


ሰይፍ ተማሪ (የኮምቦልቻ ልጅ፣ አሁን ጀርመን)

አሰላሙ አለይኩም ወገኖቼ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሰው ሲጠይቅ ሳይ ደስ አለኝ።

እዚህ አገር የጥንቱን የአውሮፓ የሰይፍ ትምህርት ከብራና መጻሕፍት እያጠኑ በእጅ የሚለማመዱ ክበቦች አሉ። እኔም ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በእጃችን ካሉት የሰይፍ መማሪያዎች ጥንታዊው በ1300 ገደማ የተጻፈ ሲሆን፣ ሥዕሎቹ ላይ የሚታየው አስተማሪ ቄስ ነው፤ ተማሪውን ሰይፍና ትንሽ ክብ ጋሻ አስይዞ ያሠለጥነዋል። ወሎ ላደገ ሰው ቄስ ጋሻ ይዞ ሲያስተምር ማየት ያስገርማል፤ እኔ ብዙ ቀን ከዚያ ሥዕል ላይ ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ነገር ፍጥነቱ ነው። በፊልም ሁለት ሰዎች አምስት ደቂቃ ሙሉ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ይፋለማሉ፣ መሐል ላይ ይነጋገራሉ። በእውነት ስትገጥም ረጅሙ ነገር ዙሪያውን እየዞሩ መጠባበቁ ነው። ከዚያ አንዱ ይገባል፤ ሁለት ወይም ሦስት ምት፣ አለቀ። ዓይንህን ብትጨፍን ያመልጥሃል።

ሁለተኛው ርቀት ነው፤ ከሁሉም በላይ ይህን ብታውቁልኝ ደስ ይለኛል። የሰይፍ ሰው ዋና ዕውቀቱ ያለው እግሩ ላይ ነው። አንድ እርምጃ ከተራመድኩ የምደርስብህ ቦታ ላይ ከቆምክ አደጋ ላይ ነህ። አንድ ስንዝር ወደኋላ ካልክ ደኅና ነህ። ጥሩ ተፋላሚ ከዚያች ስንዝር ጋር ሲጫወት ይውላል። በፊልም ያሉት ሰዎች ግን የሰይፋቸው ጫፍ ከባላጋራቸው ደረት የማይደርስበት ቦታ ቆመው አየሩን ይመታሉ፣ ወይም ሰይፍ ለሰይፍ ያጋጫሉ። ጠላትህን ልትመታ ከሆነ ሰይፉን ለምን ትመታለህ?

ከራስና ከደረት በፊት የሚቆረጠው እጅ ነው፤ ወደ ባላጋራ ቀድሞ የተዘረጋው እርሱ ነውና። በፊልም የምናየው በአንድ እግር ሽክርክር ብሎ መምታትስ? እኔ ሞክሬዋለሁ። ጀርባዬ ሲዞር የልምምድ ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ነካኝ።

ሁለቱም ሰዎች እኩል ተመታትተው ሁለቱም መሞታቸውም አለ። በልምምድ ይህ ያለማቋረጥ ይደርስብናል። የጥንት መምህራን አጥብቀው ያስተማሩት ከመግደል ይልቅ ተሸፍኖ መግባትንና ተሸፍኖ መውጣትን ነው። መማሪያዎቹ ውስጥ ትግልና ጩቤ ከሰይፉ ጋር አብረው ያሉትም፣ ሁለት ሰው ሲጠጋጋ ነገሩ ወደ መጨባበጥና ወደ መጣጣል ስለሚዞር ነው።

ስለ ክብደቱም ልናገር። ሰዎች የድሮ ሰይፍ አሥር ኪሎ የሚመዝን ይመስላቸዋል። በአንድ እጅ የሚያዝ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሰይፍ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። በሁለት እጅ የሚያዘውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኪሎ አይሞላም። የብረት ጥሩር ለብሶ የመጣን ሰው ደግሞ ያ ሰይፍ እንደ ሽንኩርት አይከትፈውም። ባላባቶቹ ጥሩር ከለበሰ ሰው ጋር ሲገጥሙ የራሳቸውን ሰይፍ ከመካከሉ በግራ እጃቸው ይይዙና እንደ ወስፌ በመጋጠሚያው ቀዳዳ ይወጋሉ፤ ወይም ሰይፉን ገልብጠው በእጀታው ይቀጠቅጣሉ።


የመድረክ ሰው (ደሴ)

ሁላችሁም ፊልሙን ስትወቅሱ አነበብኩ። እኔ ደግሞ ልከራከርለት፤ በመድረክ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ በዱላና በእንጨት ጎራዴ ተዋግቻለሁ።

ተዋናይ ነገም ወደ ሥራው መምጣት አለበት። ስለዚህ የምንሰነዝረው ሆን ብለን ከሰውነት ውጪ ነው። ሰይፍ ለሰይፍ የምናጋጨውም ለዚሁ ነው፤ እጄ ቢስት የሚያገኘው የጓደኛዬን ሰይፍ እንዲሆን። እያንዳንዱ ምት በቁጥር ይለማመዳል፤ «አንድ ላይ ራስ፣ ሁለት ላይ ጎን» እያልን። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት እናት እንዲያዩትም ምቱ ሰፊና ቀስ ያለ መሆን አለበት። የኮምቦልቻው ልጅ እንዳለው ዓይን ሲጨፈን የሚያመልጥ ውጊያ ባሳይ ተመልካቹ ማን ማንን እንደገደለ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ፊልም ሠሪዎቹ እውነቱ ጠፍቷቸውም አይደለም። ቦብ አንደርሰን የተባለው እንግሊዛዊ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በሻሞላ ስፖርት ተወዳድሯል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በፊልም ዓለም ተዋናዮችን ሰይፍ ሲያስተምር ኖረ። እውነተኛውን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ያሳይ የነበረው ግን ታሪኩ የሚፈልገውን ነው። የእኛው ሽለላና ቀረርቶስ? አንዱን ጀግና አንበሳ፣ አንዱን ነብር እያደረገ አይደለም እንዴ የሚያወሳው? ሰው ጀግናውን ከቁመቱ በላይ አድርጎ ማየት ይወዳል። ይህ ነውር አይመስለኝም።


የጦሳ ሥር ልጅ

ጋሼ፣ ስለ ደኅንነቱ ያሉትን አላሰብኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። አያቴ እንዳሉት ቅድመ አያቴ በሠርግም በክርስትናም ሲፎክሩ አልተሰሙም። ሌሎቹ ሲነሡ እርሳቸው ወደ ደጅ ይወጡ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ፊልሙ ማጋነኑ ብቻ አይደለም። ልጁ ሰው ሲወድቅ አይቶ ምንም እንዳልተሰማው አየሁ።


የቁስል ክፍል ነርስ (ደሴ)

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ነው እንድጽፍ ያደረገኝ።

የምሠራው በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። በገጀራና በቢላዋ የተቆረጡ ሰዎች ይመጡልናል። ሰይፍ አይቼ አላውቅም፤ ሥጋና አጥንት ግን በዘመን አይለወጥም። የማየውን ልንገራችሁ።

የተቆረጠ ሰው ወዲያው አይወድቅም። ብዙዎቹ ቁስላቸውን ያወቁት ከጠቡ በኋላ ነው፤ «ሙቀት ብቻ ተሰማኝ» ይላሉ። ልቡ የተወጋ ሰው እንኳን ጥቂት ሰከንዶች ቆሞ ሊራመድ፣ ሊመታም ይችላል። ስለዚህ በፊልም አንዱ ወጋ፣ ሌላው ወደቀ፣ ባለድሉ ዞር ብሎ ሄደ የሚባለው ለእኔ ከሁሉ የራቀ ውሸት ነው። የተወጋው ሰው ገና እጁ ላይ መሣሪያ አለ።

በብዛት የምንሰፋው ክንድና ጣት ነው። ሰው ራሱን ሲከላከል እጁን ስለሚያነሣ ነው። ጅማቱ የተቆረጠ ጣት ደግሞ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ካላገኘ ከዚያ በኋላ አይታጠፍም፤ ገበሬ ከሆነ ሞፈር መያዝ ያቅተዋል። የድሮ ጦረኛ ከጦርነት ተርፎ ሲመለስ ምን ያህሉ እንደዚህ ሆኖ እንደተመለሰ አስባለሁ።

የሆድ ቁስልም አለ። ፔኒሲሊን ለሕክምና የዋለው በ1940ዎቹ ነው፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር። ከዚያ በፊት አንጀቱ የተበሳ ሰው በአብዛኛው ከቀናት ስቃይ በኋላ ይሞታል። በፊልም ጦርነቱ ፀሐይ ሲጠልቅ ያልቃል። በእውነት ግን ሳምንቱን ሙሉ በድንኳን ውስጥ ይቀጥላል፤ የሚያስታምሙት ደግሞ ስንቅ ይዘው የዘመቱት ሴቶች ናቸው። እነርሱን በየትኛው ፊልም አያችኋቸው?


ሰይፍ ተማሪ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ያልሽው በአጥንት ላይ ተጽፎ ይገኛል። በስዊድን ጎትላንድ ደሴት ላይ በ1361 በቪስቢ ከተማ ደጃፍ የተደረገ ውጊያ ነበር። ከጅምላ መቃብሮቹ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አጥንት ወጥቷል፤ ከቁርጥ ቁስሎቹ እጅግ ብዙዎቹ ያሉት እግር ላይ፣ ከጉልበት በታች ነው። ጋሻው የላይኛውን ሰውነት ሲከልል እግር ገላጣ ይቀራል። በእንግሊዝ አገር በ1461 በታውተን የተገደሉ ሰዎች መቃብር ደግሞ በ1996 ሲገኝ፣ አብዛኞቹ ራሳቸው ላይ ብዙ ጊዜ ተመትተው ነበር፤ አንዱ ምት ከሌላው በላይ። ንጹሕ የሆነ አንድ ምት ብርቅ ነው።


ባለ ወናፉ (ወረባቦ)

አንጥረኛ ነኝ፣ አባቴም አንጥረኛ ነበሩ። የማውቀው ብረት ነው፤ ስለ ብረቱ ልናገር።

ስለት በስለት ላይ ከመታህ ጥርስ ያወጣል። ከመኪና ባሌስትራ የሠራሁትን ጥሩ ቢላዋ በሌላ ቢላዋ ስለት ላይ አንድ ጊዜ ብትመታው ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ሞርጄ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ጥርሱ ጠልቆ ከገባ ደግሞ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በፊልም ሰይፍ ከሰይፍ ጋር መቶ ጊዜ ሲጋጭ ሳይ ሆዴን ያመኛል። ውሃውን በትክክል የጠጣ ብረት የስንት ሰዓት ልፋት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አያደርግም። በጋሻህ ትመክታለህ፤ ጋሻ ከሌለህ በጎኑ ገፍተህ ታሳልፈዋለህ፤ ካልቻልክ ትሸሻለህ።

ሲመዘዝ የሚሰማው የብረት ፉጨትም ውሸት ነው። የእኛ አፎት ቆዳ ነው። ብረት ከቆዳ ሲወጣ ድምፁ ጋቢ እንደማውለቅ ነው። በፊልሙ የምትሰሙት በኋላ በስቱዲዮ የተጨመረ ነው።

የጦሳ ሥር ልጅ ሆይ፣ የቅድመ አያትህን ጎራዴ አውርደህ ስለቱን በጣትህ ሳይሆን በዓይንህ መርምረው። ጥርስ ካለው የት ላይ እንዳለ ንገረኝ። ብረቱ ላይ የተቀረጸ አንበሳ ወይም ጽሑፍ ካለም እየው። በምኒልክ ዘመን ብዙ የጎራዴ ብረት ከጀርመን አገር ከዞሊንገን ይመጣ ነበር፤ እጀታውና አፎቱ እዚህ ይሠራለታል።


የባቲ ሰኞ (ባቲ)

እኔ ደግሞ ስለ ሾተል መጠየቅ እፈልጋለሁ። በኢንተርኔት ላይ የውጭ ሰዎች «ለውጊያ የማይመች፣ ለጌጥ ብቻ የሆነ ጠማማ ሰይፍ» እያሉ ሲጽፉበት አነባለሁ። ያናድደኛል፤ ግን መልስ የለኝም። በእኛ ገበያ ሰኞ ሰኞ የሚመጡት አፋሮች የሚታጠቁት ጊሌም ጠማማ ነው፤ ማንም የማይረባ ብሎ ሲንቀው አላየሁም።


የታሪክ መምህር

ንዴትህ ይገባኛል። እነዚያ ሰዎች ሾተልን የሚመዝኑት ጋሻውን ትተው ነው። የእኛ ጦረኛ የብረት ጥሩር ብዙም አይለብስም። ያለው መከላከያ በግራ እጁ የያዘው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻ ነው። ያ ጋሻ ቀጥ ያለ ምትን ይመልሳል። እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ብረት ግን በጋሻው ጠርዝ ላይ ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው ያገኛል። ሾተል የጋሻ መልስ ነው።

የመታጠቁን ነገርም ልጨምር። በፊልም ሁሉም ሰው ከግራ ጎኑ ይመዛል፤ አንዳንዱም ከጀርባው። ረጅም ሰይፍ ከጀርባ እስቲ ምዘዙ፤ ክንዳችሁ ያልቃል፣ ብረቱ ገና አልወጣም። የእኛ ሰው ግን በቀኝ ጎኑ ታጥቆ በቀኝ እጁ ነው የሚመዝዘው። ግራው በጋሻ ተይዟልና በፊቱ ክንድ ማሳለፍ ጋሻውን ያናጋዋል። የአገራችን ፊልሞች እንኳን ይህን ሲስቱ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ አዛውንት ቢጠይቁ ይነግሯቸው ነበር።


ሰይፍ ተማሪ

በዚህ ነገር ከክበቤ ሰዎች ጋር ተከራክሬአለሁ። ከእንጨት ሾተል ሠርቼ ወሰድኩና ጋሻ ካለው ጓደኛዬ ጋር ገጠምኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጊዜ እኔ ተመታሁ፤ ለመከላከል በእውነት አይመችም፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በአራተኛው ጋሻዬን ከጋሻው ጋር አጋጥሜ ተጠጋሁና በጠርዙ ላይ አሳልፌ ትከሻውን ነካሁት። ከዚያ በኋላ ጋሻውን የት እንደሚያደርግ ግራ ገባው፤ ከፍ ሲያደርገው እግሩ ይገለጣል፣ ዝቅ ሲያደርገው አንገቱ። ሾተል ያለ ጋሻ ግማሽ መሣሪያ ነው።


የመድረክ ሰው

ስለ ቀኝ ጎኑ የተጻፈውን አንብቤ ብዙ አሰብኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ በግራዬ ታጥቄ ተውኛለሁ፤ ከፊልም የተማርኩት ነው። ለተመልካቹ ደኅንነትም ሆነ ለዕይታ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ባለማወቅ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሥራችን አስተካክለዋለሁ። በቀረው ግን አቋሜን አልለውጥም።


የጦሳ ሥር ልጅ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር ጎራዴውን አወረድነው። ጎረቤታችን ሱቅ ወስደን መዘንነው፤ ከነእጀታው አንድ ኪሎ አልሞላም። ልጁ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አስደገመ። ባለ ወናፉ፣ እንዳልከኝ ስለቱን መረመርኩት፤ ጥርስ የለውም። ከእጀታው በላይ አንበሳ ተቀርጿል፤ ከዝገቱ ሥር ያለውን ፊደል ማንበብ አልቻልንም።

ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት ይዘን ግቢ ወጣን። የኮምቦልቻው ወንድሜ እንዳስተማርከን ርቀቱን ሞከርነው። ልጁ መጀመሪያ እንደ ድራማው እየተሽከረከረ መጣ፤ ጀርባው ሲዞር በቀስታ ነካሁት። በሦስተኛው ጊዜ መሽከርከሩን ተወ። ጣቱን ሳላስበው መታሁት መሰለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን ጣቱን አጥፎ ዘርግቶ አሳየኝ፤ የነርሷን ጽሑፍ አንብቤለት ስለነበር ነው።

«ጋሻቸውስ የት አለ?» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበርና ለእናቴ ደወልኩላት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ አያቴ ገበያ አውርደው ሸጠውት በማሽላ እንደተለወጠ ነገረችኝ። ጎራዴውንም ይዘው ሄደው ነበር፤ ዋጋ የሰጣቸው ሰው አልተገኘም።

የባቲ ሰኞ፣ በአካባቢህ የድሮ የቆዳ ጋሻ ያለው ሰው የምታውቅ ከሆነ እባክህ ጻፍልኝ። ልጁ በግራ እጁ እንዲይዘው እፈልጋለሁ። በሚመጣው ሰኞ እንመጣለን።